ምን እንዲደረግልዎ ነው የሚፈልጉት?

ባለፈው እሑድ የእህቴ ልጅ በቴሌግራም አንድ ፋይል ላከልኝ። ዘንድሮ ነው ዩኒቨርሲቲ የገባው፤ ገና ፍሬሽ ነው። "አክስቴ፣ የኮሙኒኬቲቭ ኢንግሊሽ አሳይመንት ነው፤ እስኪ አንዴ እይልኝ" ይላል ከሥሩ። ከፈትኩት። ገጽ ተኩል ነው። ርእሱ ማኅበራዊ ሚዲያ በወጣቶች ላይ ስላለው ተጽዕኖ ነው። አንድ የሰዋስው ስህተት የለበትም። መግቢያ አለው፣ ሦስት አንቀጽ አለው፣ መደምደሚያ አለው። ነጠላ ሰረዙ ሁሉ ቦታ ቦታውን ይዟል።

ሁለቴ አነበብኩት። ስልኩን ሳስቀምጥ ግን ካነበብኩት ውስጥ አንድ ነገር እንኳ አእምሮዬ ውስጥ አልቀረም።

ደወልኩለት። "አንተ ነህ የጻፍከው?" አልኩት። ትንሽ ዝም አለና "ቻትጂፒቲ ነው። ግን አክስቴ፣ ሁሉም እንደዛ ነው የሚያደርገው" አለኝ። አልተቆጣሁትም። እኔም በሱ ዕድሜ ልክ እንደዚህ ያለ ጽሑፍ፣ ያለምንም ማሽን፣ በገዛ እጄ ጽፌ አስረክቤያለሁ። ብቻ አንድ ጥያቄ ሳላስበው ከአፌ ወጣ። "ለማን ነው የጻፍከው?"

"ለመምህሩ ነዋ" አለ፣ ጥያቄው ገርሞት።

እኔም ያኔ ብጠየቅ የምመልሰው ይህንኑ ነበር። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነገሩ ሲመላለስብኝ አመሸ። ሰኞ ጠዋትም ይዤው ቢሮ ገባሁ። ካልጻፍኩት የሚለቀኝ አልመስል አለኝ።

ናው ኤ ዴይስ

2002 ዓ.ም. ነው። ጎጃም ውስጥ ካለች አንዲት የወረዳ ከተማ ተነሥቼ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ። ትምህርት ክፍሌ አካውንቲንግ ነው። ያኔ እንደ አሁኑ የፍሬሽማን ዓመት አልነበረም፤ በሦስት ዓመት ነበር የምንመረቀው። ሁለት ኮርሶች ግን ማንንም አያልፉም ነበር። አንዱ ኮሙኒኬቲቭ ኢንግሊሽ ስኪልስ፣ ሌላው ቤዚክ ራይቲንግ ስኪልስ። ግብርና ተማርክ፣ ሕግ ተማርክ፣ ሒሳብ ተማርክ፣ እነሱን ሳታልፍ መመረቅ የለም።

እስከ ስምንተኛ ክፍል የተማርኩት በአማርኛ ነው። ከዘጠነኛ ጀምሮ በእንግሊዝኛ ሆነ። እንግሊዝኛ የሆነው ግን መጽሐፉና ኖቱ ነው እንጂ፣ መምህራኖቻችን የሚያስረዱን በአማርኛ ነበር። ኖቱን ገልብጠን እንሸመድዳለን። ፈተናው ምርጫ ነው። የአሥረኛውም የአሥራ ሁለተኛውም ብሔራዊ ፈተና፣ እንግሊዝኛው ሳይቀር፣ ከአራት ፊደል አንዱን አጥቁሮ መውጣት ነበር። በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ "አንቺስ ምን ታስቢያለሽ? እስቲ ጻፊው" ያለኝ ሰው አላስታውስም።

የራይቲንግ ኮርሱም የጀመረው እንደዚያው ነው። ክፍሉ ውስጥ ከስልሳ በላይ ነን። ሃንድአውቱ ፎቶኮፒ ቤት ተቀምጦልናል። ቶፒክ ሴንቴንስ ምን እንደሆነ፣ ቴሲስ ስቴትመንት ምን እንደሆነ፣ አንቀጽ ስንት ክፍል እንዳለው በቃላችን ያዝን። የመጀመሪያው ቴስት ምርጫ ነበር። አንድ አንቀጽ ይሰጥና የትኛው ዓረፍተ ነገር ቶፒክ ሴንቴንስ እንደሆነ መምረጥ ነው። ከ20 17 አገኘሁ። መጻፍ የቻልኩ መሰለኝ።

ከዚያ ድርሰቱ መጣ። ሦስት መቶ ቃል፣ ከ20 የሚታሰብ፣ ርእሱ የሞባይል ስልክ ጥቅምና ጉዳት። ዶርማችን ውስጥ ስድስት ነን፤ ስድስታችንም ኮርሱን እንወስዳለን። አንዷ ከሲኒየር ያገኘችው፣ ደኅና ነጥብ ያመጣ ወረቀት ነበራት። ሁላችንም ከሱ ቀዳን። የስድስታችንም ድርሰት "ናው ኤ ዴይስ" ብሎ ይጀምራል። ዓለም አንድ መንደር ሆናለች ይላል። ስልክ ጥቅም አለው ይላል። ጉዳትም አለው ይላል። መጨረሻ ላይ በአግባቡ ልንጠቀምበት ይገባል ይላል።

ወረቀቱ ሲመለስ 6 ከ20 ይላል። ገጹ በቀይ ተዥጎርጉሮ ይመጣል ብዬ ነበር። እንደዚያ አልነበረም። ሁለት ሦስት ቦታ ብቻ ነው የተስተካከለው። ከታች ግን በቀይ እስክሪብቶ፣ በእንግሊዝኛ፣ አንዲት አጭር ጥያቄ ነበረች። "ይህ የተጻፈው ለማን ነው?"

ስድብ መሰለኝ። ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ። ያኔ "ዋርኒንግ"፣ ውጤቱ ለወረደ ተማሪ የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ፣ ስሙ ብቻውን እንቅልፍ ይነሣ ነበር። ሦስት ክሬዲት አወር ያለው ኮርስ ላይ ዲ መጣ ማለት ሌሎቹንም ይዞ ይወርዳል ማለት ነው። እንግሊዝኛዬ ነው የገደለኝ አልኩ። ሌላ ምክንያት ሊኖር እንደሚችል አልታየኝም።

በአማርኛ ንገሪኝ

በማግስቱ መምህሩ ቢሮ ሄድኩ። ሦስት መምህራን የሚጋሩት ጠባብ ክፍል ነው። ጠረጴዛው ላይ የተማሪ ወረቀት ተቆልሏል፤ ጥጉ ላይ የሻይ ፔርሙዝ አለ። "ቲቸር፣ ግራመሬ ነው የተበላሸው?" አልኳቸው።

"ግራመርሽ ደኅና ነው" አሉኝ። "ስልክ ጥቅምም ጉዳትም አለው ብለሻል። እሺ። አንቺ ምን ትያለሽ?"

"ያው… ጥቅምም ጉዳትም አለው።"

"በአማርኛ ንገሪኝ።"

ይቺን ደቂቃ እስከ ዛሬ አልረሳኋትም። በአማርኛም የምለው አልነበረኝም። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ሐሳቡ ውስጤ አለ፣ ቋንቋው ነው የያዘብኝ ብዬ አምን ነበር። ቋንቋው ከመንገዱ ገለል ሲልልኝ ከኋላው ምንም አልነበረም። አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ላቡ በጀርባዬ ሲወርድ ይሰማኛል። በእንግሊዝኛ መውደቅ አንድ ነገር ነው፤ ሁላችንም ያለንበት ነው። በገዛ አፍ መፍቻ ቋንቋ የሚናገሩት ማጣት ግን ሌላ ነው። ለማን ይነገራል?

እሳቸው አልቸኮሉም። ሻይ ቀዱልኝ። ከዚያ ጨዋታ ለመለወጥ ያህል "ቤተሰብ ምን ይሠራሉ?" ብለው ጠየቁኝ።

ለምዝገባ ቅጹን ስሞላ የአባት ሥራ በሚለው ቦታ "የግል ሥራ" ብዬ ነበር የጻፍኩት። ለዶርም ጓደኞቼም ዘርዝሬ ነግሬ አላውቅም። በዚያ ቀን ግን የምደብቅበት አቅም አልነበረኝም። "አባቴ ራፖር ጸሐፊ ነው" አልኩ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። "ፍርድ ቤት በር ላይ?"

"አዎ።"

"ሰው ሲመጣባቸው መጀመሪያ ምንድን ነው የሚጠይቁት?"

የአባዬ ጠረጴዛ

ጠረጴዛዋ ፍርድ ቤቱ አጥር ሥር፣ ግራር ጥላ ውስጥ ነበረች። አንድ እግሯ አጠር ስለሚል ድንጋይ ተደርጎላታል። ላይዋ ላይ ነጭ ወረቀት፣ የካርቦን ወረቀት፣ ሁለት ቢክ እስክሪብቶ፣ የአሻራ ቀለም። ከፊቷ ለባለጉዳይ አንድ አግዳሚ ወንበር። ክረምት ሲሆን ላስቲክ ይወጠርባታል። ከሁለተኛ ክፍል ጀምሬ ትምህርት በሌለ ቀን አጠገቡ እቀመጥ ነበር። ሥራዬ ካርቦን ማስገባት ነው። አንድ ነጭ፣ አንድ ካርቦን፣ አንድ ነጭ። ካርቦኑ ከተገለበጠ ቅጂው በራሱ በዋናው ወረቀት ጀርባ ላይ ይታተማል። አንድ ቀን ገልብጬ አስገባሁና አባዬ ሙሉ ገጽ እንደገና ጻፈ። አልተቆጣኝም። "አሁን ታውቂዋለሽ" ነው ያለኝ።

ባለጉዳዮቹ አብዛኛዎቹ ከሩቅ ነው የሚመጡት፤ ሌሊት ተነሥተው። አንዲት ሴትዮ ትዝ ይሉኛል። አግዳሚው ላይ ተቀመጡና ጀመሩ። የጀመሩት ከጋብቻቸው ነው። ባላቸው እንዴት እንደሞቱ፣ ወንድማቸው ለቅሶው ላይ ምን እንዳለ፣ የጎረቤታቸው ሚስት ሠርግ ላይ እንዴት እንዳኮረፈቻቸው። አባዬ አላቋረጣቸውም። ሲያዳምጥ እስክሪብቶ አይዝም ነበር። ትንፋሽ ሲወስዱ ጠብቆ "እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ዳኛው ምን እንዲያደርጉልዎ ነው የሚፈልጉት?" አላቸው።

ሴትዮዋ ጸጥ አሉ። እንደዚያ ብሎ የጠየቃቸው ሰው ያለ አልመሰለኝም። ቆይተው "ድንበሬን ነው የምፈልገው" አሉ። "የገፋብኝን ይመልስልኝ። ሌላ ምንም አልልም።"

አባዬ እስክሪብቶውን ያነሣው ያኔ ነው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። አባዬ ሥሩን የሚፈልገው ከጫፉ ተነሥቶ ነበር። የሚጠየቀው ዳኝነት ከታወቀ የቀረው ራሱን በራሱ ይለያል። ባልየው የሞቱበት ቀን ይገባል፤ መሬቱ በሴትዮዋ እጅ ብቻ የቀረው ከዚያ ወዲህ ነውና። የወንድምየው ቃል ይገባል፤ ምስክር ሊሆን ይችላል። የሠርጉ ኩርፊያ ይቀራል። የአንድ ሰዓት ወሬ አንድ ገጽ ሆኖ ይወጣል። ሴትዮዋ ግን አንድ ነገር ጎደለብኝ አይሉም።

ይህ የአባዬ ብልሃት ብቻ እንዳልሆነ ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ክስ ምን ምን መያዝ እንዳለበት ይደነግጋል። ከላይ የፍርድ ቤቱ ስም። ቀጥሎ የከሳሽና የተከሳሽ ስምና አድራሻ። ከዚያ ለክሱ ምክንያት የሆነው ነገር፣ መቼና የት እንደተነሣ። መጨረሻ ላይ የሚጠየቀው ዳኝነት። ነገሩም ባጭሩ እንዲቀርብ ያዛል። ከሥር "በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 92 መሠረት እውነት መሆኑን አረጋግጣለሁ" ተብሎ ይፈረማል። አባዬ ይህን ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል። የተማረው እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው።

ጽፎ ሲጨርስ ያነብላቸዋል። ጮክ ብሎ፣ ቀስ ብሎ፣ ዓይኑን ከወረቀቱ እያነሣ። ፊታቸው ከተለወጠ ይቆማል። "እንደዛ አላልኩም" ካሉት ወረቀቱን ቀድዶ እንደገና ይጀምራል። ወረቀቱም ካርቦኑም ከራሱ ኪስ ነው። ሴትዮዋ "አዎ፣ እንደሱ ነው። ልክ እንደሱ ነው" እስኪሉ ድረስ አሻራ አላስደረጋቸውም። አውራ ጣታቸውን ቀለሙ ላይ ጫን አድርገው ወረቀቱ ላይ ሲያሳርፉ አጠገባቸው ነበርኩ። ማንበብ አይችሉም። ግን ወረቀቱን ከማስረከባቸው በፊት ሁለት እጃቸው ላይ ዘርግተው አዩት። ረጅም ጊዜ ነው ያዩት።

ሐሙስ

"'ምን እንዲደረግልዎ ነው የሚፈልጉት?' ነው የሚለው" አልኳቸው መምህሩን።

ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያ ወረቀቴን ወደ እኔ ገፉት። "እንግዲያው ይህንን ራስሽን ጠይቂና ሐሙስ አዲስ ጽፈሽ ነይ።" ሌላ ምንም አልጨመሩም።

ከቢሮው ስወጣ ቀላል መስሎኝ ነበር። አባዬ የሚያደርገውን ማድረግ ነው። ላይብረሪ ቁጭ ብዬ ባዶ ወረቀት ፊት ስቀመጥ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። አባዬ ፊት ባለጉዳዩ ተቀምጧል። የሚፈልገውን ያውቃል፤ ቢያንስ ሲጠየቅ ያውቀዋል። እኔ ፊት ማንም የለም። ባለጉዳዩም እኔ፣ ጸሐፊውም እኔ። ስለ ሞባይል ስልክ ምን እንዲደረግልኝ ነው የምፈልገው? ደግሞስ ዳኛው ማን ነው? ከማን ፊት ነው የቆምኩት? አንድ ቀን ሙሉ አንድ መስመር አልጻፍኩም። ስልክ ላይ አንድም ክርክር ያለኝ ሰው አልመሰልኩም።

ዳኛው ማን ነው እያልኩ ሳስብ ነው የመጣልኝ። ሞባይል ወደ ከተማችን ከገባ ወዲህ አባዬ አንድ ሥራ ተጨምሮበት ነበር። የገጠር ባለጉዳዮች ይደውሉለታል። "ነገ ቀጠሮ አለኝ፤ ተለውጧል ወይስ አለ?" ይሉታል። አባዬ ተነሥቶ ግቢ ይገባል፤ ሰሌዳው ላይ የተለጠፈውን ያያል፤ ተመልሶ ይደውልላቸዋል። ከዚያ በፊት ሰው አራት ሰዓት በእግሩ ተጉዞ መጥቶ "ዳኛው ስብሰባ ናቸው" ተብሎ ነበር የሚመለሰው። የአባዬ ቁጥር የሌለው ሰው ያኔም የሚሆነው ይኸው ነበር። ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታ ላይ ወጥተው የሚደውሉ ነበሩ። ድምፃቸው እየተቆራረጠ ሲመጣ አባዬ አንድ ጆሮውን በእጁ ይደፍናል። ለዚህ የሚቀበለው ሳንቲም የለም።

ሐሙስ ይዤ የሄድኩት ይህንን ነው። ፍርድ ቤት ቀጠሮ ሲለውጥ ለባለጉዳዩ በስልክ ይንገር። ባለጉዳዩ ማመልከቻው ላይ ስልክ ቁጥሩን ይጻፍ፤ መዝገብ ቤቱ ቀኑ ከመድረሱ በፊት ይደውል። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገሬ ይህ ነበር። "ናው ኤ ዴይስ" የለበትም። ሁለተኛው አንቀጽ በዝናብ ከአንድ ቀበሌ ስለመጡ አንድ ሽማግሌ ነው። እንግሊዝኛው ይንገዳገዳል፤ ቴንሱን ሦስት ቦታ አበላሽቻለሁ። ግን ረቡዕ ማታ ዶርም ውስጥ ለአንዷ ጓደኛዬ ጮክ ብዬ አንብቤላታለሁ። አንድ ቦታ ላይ ፊቷ ሲለወጥ አየሁ። "ቆይ፣ ማን ነው የሚደውለው? እዚህ ጋ ጠፋብኝ" አለችኝ። ቀደድኩትና እንደገና ጻፍኩት።

15 ከ20 ሰጡኝ። ከነጥቡ በላይ የያዝኩት ዳር ላይ የጻፉትን ነው። "ታዲያ ለምን አይደውሉም?" ይላል። ስህተቴን እያረሙ ሳለ ነገሩ ራሱ ይዟቸው ነበር። የጻፍኩትን ሰው እንደዚያ ሲያነብልኝ የመጀመሪያዬ ነው።

ኮርሱን ለመጨረስ ክፍል ፊት ቆሞ አምስት ደቂቃ መናገርም ግዴታ ነበር። መፍራቴን ለአባዬ ደውዬ ስነግረው ስለ አያቴ አጫወተኝ። አያቴ በላ ልበልሃ የሚችል ሰው ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ ዛፍ ሥር ቆመው፣ ሰው ዙሪያውን ከቦ እየሰማ፣ "ተጠየቅ" እየተባባሉ፣ ነገራቸውን በቃል እያሳመሩ የሚሟገቱበት ዘመን። አንደበቱ ያልፈታ ሰው እውነት ይዞም ተረትቶ ይመለስ ነበር አለኝ። ከእንዲህ ካለ ሕዝብ ተወልጄ አሥራ ሁለት ዓመት ስማር አንድ ቀን እንኳ ቆሜ እንድሟገት አለመጠየቄ አሁንም ያናድደኛል። ያን ቀን ወረቀት ይዤ ወጣሁ። መምህሩ "ወረቀቱን አስቀምጪና ለኋለኛው ወንበር ንገሪ" አሉኝ። ኋላ ተቀምጣ የነበረችው ያቺው የዶርም ጓደኛዬ ናት። ለሷ ነገርኳት።

በየትኛው ቋንቋ?

አሁን የምሠራው ባንክ ነው፤ ብድር ክፍል። ቀኑን ሙሉ የምውለው ስጽፍ ነው። የብድር ጥናቱ በእንግሊዝኛ ነው። ለደንበኛ የሚሄደው ደብዳቤ፣ ቃለ ጉባኤው፣ ለመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚጻፈው ደግሞ በአማርኛ። ሥራ በጀመርኩ በመጀመሪያው ወር ለአንድ ነጋዴ ብድሩ እንዳልተፈቀደ የሚገልጽ ደብዳቤ አርቅቄ ለኃላፊዬ ሰጠኋት። "በቅድሚያ ከባንካችን ጋር ለመሥራት ላሳዩት ፍላጎት" እያልኩ ነው የጀመርኩት። አንብባ መለሰችልኝ። "አልተፈቀደም የሚለውን ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ነው ያገኘሁት። ይህ ሰው ይህንን ፖስታ በሩ ላይ ቆሞ ነው የሚከፍተው" አለችኝ።

አፈርኩ። የራፖር ጸሐፊ ልጅ ሆኜ፣ በአማርኛ ስጽፍ ጠፋብኝ። በእንግሊዝኛ የተማርኩትን በአማርኛ እንድሠራበት ያሳየኝ ሰው አልነበረም። አማርኛማ የራሳችን ነው፣ ምን ትምህርት ያስፈልገዋል ብለን ትተነዋል።

የፍሬሽማን ዓመት በ2012 ዓ.ም. ተመልሷል። ልጆቹ ሎጂክና ክሪቲካል ቲንኪንግ ይማራሉ፣ ሳይኮሎጂ፣ ጂኦግራፊ፣ አንትሮፖሎጂ ይማራሉ። ኮሙኒኬቲቭ ኢንግሊሽ አንድም ሁለትም አለ። በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ ወይም በሌላ የሀገር ቋንቋ እንዴት እንደሚጻፍ ግን የጋራ ኮርስ የለም። ልጁ ተመርቆ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ሲቀጠር በየቀኑ የሚጽፈው በነዚህ ነው። የመሬት ጉዳይ፣ የጡረታ ጉዳይ፣ የዝውውር ጉዳይ የሚወሰነው በነዚህ ነው። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል እንላለን። ያቺ ሴትዮ ድንበራቸውን የሚያወርሱት አንድ ሰው በአማርኛ በጻፈው አንድ ገጽ ነው። እንግሊዝኛው ይቅር እያልኩ አይደለም፤ እንጀራዬን በልቼበታለሁ። ሁለተኛ ጠረጴዛ ይጨመር ነው የምለው።

መምህራኑ ላይ መፍረድም አልፈልግም። አንድ መምህር ስልሳ ስልሳ ተማሪ ያለባቸው አራት ክፍሎች ያዘ እንበል። 240 ወረቀት ነው። ለአንዱ አሥር ደቂቃ ቢሰጥ 40 ሰዓት ይሆናል፤ ያውም ለአንድ ድርሰት ብቻ። አስጽፎ፣ መልሶ፣ እንደገና ልጽፍ ላለ እንደገና ማንበብ ከፈለገ እጥፍ ነው። ስለዚህ ምርጫ ያወጣል። ከ2015 ጀምሮ ለመመረቅ የመውጫ ፈተና ማለፍ ግድ ሆኗል፤ እሱም በኮምፒውተር ምርጫ መምረጥ ነው። የኔ መምህር ለኔ አንድ ሰዓት የሰጡኝ ከየትኛው ሰዓታቸው ቀንሰው እንደሆነ ሳስብ ያሳዝነኛል።

ግን ጮክ ብሎ ለማንበብ መምህር አያስፈልግም። ጓደኛዬ "እዚህ ጋ ጠፋብኝ" ስትለኝ ራይቲንግ አስተማሪ አልነበረችም። እንደኔው የምትፈራ ልጅ ናት። ዩኒቨርሲቲዎቻችን ውስጥ የእንግሊዝኛ ቋንቋ ማሻሻያ ማዕከል የሚባል አለ። እዚያ ውስጥ ሁለት ሁለት ሆኖ፣ መጀመሪያ በፈለጉት ቋንቋ የሚፈልጉትን ተናግሮ፣ ከዚያ ጽፎ፣ ከዚያ አንዱ ለአንዱ የሚያነብበት ሰዓት ቢኖር ምንም ወጪ የለውም። ሁለት ወንበር ነው።

ሦስት ደቂቃ ከአሥራ ሁለት

ሰኞ ማታ ለእህቴ ልጅ መልሼ ደወልኩ። ስለ ቻትጂፒቲ አላነሣሁበትም። "አሳይመንቱን ተወውና አያትህ ጋ ደውል። ሥራውን አጫውተኝ በለው" አልኩት።

አባዬ አሁን ጠረጴዛው ላይ አይቀመጥም። ዓይኑ ደክሟል፤ ሥራውንም ኮምፒውተር ቤቶቹ ከወሰዱት ቆይቷል። ጉዳይ ያለበት ሰው ግን አሁንም ቤት ድረስ ይመጣል። አባዬ ያዳምጠዋል፤ ምን ብሎ እንደሚያስጽፍ ይነግረዋል።

ረቡዕ ማታ የድምፅ መልእክት ደረሰኝ። ሦስት ደቂቃ ከአሥራ ሁለት ሰከንድ። በአማርኛ ነው፣ እየፈጠነ፣ እየተናደደ። የዶርም ጓደኛው ከገጠር የመጣ ልጅ ነው፤ ያለው ተራ ስልክ ነው። የክፍላቸው ማስታወቂያ በሙሉ የሚወጣው ቴሌግራም ላይ ብቻ ነው። የሒሳብ ቴስቱ ቀን ተቀየረ፤ ልጁ አልሰማም። ሜካፕ፣ ያመለጠኝን ፈተና የሚተካ ሌላ ፈተና፣ ይሰጠኝ ብሎ ለመነ፤ ማስታወቂያው ወጥቷል ተባለ። "ማታ አልጋው ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ፤ እራትም አልበላም" ይላል። ሁለቴ አዳመጥኩት። እሑድ ከላከልኝ ገጽ ተኩል ያላገኘሁት ልጅ እዚህ ውስጥ ነበር።

ደወልኩለት። "ይሄን የምትለው ለማን ነው?"

"ለዲኑ" አለ ቶሎ ብሎ።

"ዲኑ ምን እንዲያደርጉ ነው የምትፈልገው?"

ዝም አለ። ከጀርባው የዶርሙ ጫጫታ ይሰማኛል። አንድ ሰው ይስቃል፣ በር ይዘጋል።

"ሰሌዳ ላይም ይለጠፍ" አለ። "ቀን ሲቀየር ሰሌዳም ላይ ይለጠፍ።"

"እሷን የመጀመሪያ መስመር አድርጋት። ከዚያ ለልጁ ለራሱ አንብብለት" አልኩት። ማስረከቢያው ማክሰኞ ነው።